ራድ-ሃርድ ቺፕ፣ የመኪና ቺፕ ወይስ ተራ ቺፕ? ጨረር ላለበት ቦታ ኤሌክትሮኒክስ ስትመርጡ

ፐርሲቪራንስ የምትባለዋ የናሳ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ ስታርፍ ዋና ኮምፒውተሯ ራድ750 የሚባል ራድ-ሃርድ፣ ማለትም ጨረር እንዲችል ተብሎ የተሰራ፣ ቺፕ ነበር። ፍጥነቱ ቢበዛ 200 ሜጋኸርትዝ፣ መሰረቱ በ1997 የወጣው ፓወርፒሲ 750፣ ዋጋው ደሞ ቦርዱ ብቻ በመቶ ሺዎች ዶላር የሚጠራ። ሆዷ ስር ታቅፋ የወሰደቻት ኢንጂኒዩቲ ሄሊኮፕተር ግን የምትሰራው በስናፕድራጎን 801 ነበር፣ አዎ የስልኩ ስናፕድራጎን፣ ሊኑክስ ተጭኖበት። አንድ ሚሽን፣ አንድ ፕላኔት፣ ያው አንድ አይነት ጨረር፣ ምርጫው ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ። ሄሊኮፕተሯ 5 ጊዜ ብትበር ይበቃል ተብላ 72 ጊዜ በረረች፣ በጃንዋሪ 2024 ያስቆማትም የክንፏ መጎዳት እንጂ ጨረር አልነበረም።

ይሄን ይዞ "ራድ-ሃርድ ምናምን የድሮ ሰዎች ፍርሃት ነው፣ ተራ ቺፕ ግዙና ተገላገሉ" የሚል ሰው በጣም በዝቷል። ግን ሲባል የማይሰማው ነገር፣ ስናፕድራጎኑ ብቻውን አልነበረም። በረራውን በየጥቂት ሚሊሰከንዱ የሚቆጣጠሩት ለመኪና ሴፍቲ የተሰሩ ሁለት ማይክሮኮንትሮለሮች ነበሩ፣ እነሱን ደሞ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ አንድ ኤፍፒጂኤ፣ ማለትም ሰርኪዩቱ በፕሮግራም የሚቀረፅ ቺፕ፣ ነበር፣ አንደኛው ሲሳሳት ወደሌላው የሚያዞር። እና ደሞ ሄሊኮፕተሯ ብትሞት ሚሽኑ ይቀጥላል፣ ሮቨሯ ብትሞት ግን በቃ አለቀ።

ስለዚህ "ይሄ ቺፕ ጨረር ይችላል ወይ?" ብላችሁ ከጀመራችሁ መልስ አታገኙም። የትኛውን ጨረር፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ሲሳሳትስ ምን ይሆናል? የኔ አቋም ባጭሩ ይሄ ነው፦ ቢት የሚገለብጠውን፣ ማለትም ሜሞሪ ውስጥ 0ን 1 የሚያደርገውን፣ በዲዛይን መቻል ይቻላል፣ ቺፕ የሚገድለውን ግን በዲዛይን ማምለጥ በጣም ከባድ ስለሆነ ገንዘባችሁን እዛ ላይ አውጡ፣ ቀስ እያለ የሚጠራቀመውን ደሞ አስልታችሁ ግቡበት።

መጀመሪያ ጉዳቱን ለዩ

የሚጠራቀመው ጠቅላላ ዶዝ ይባላል፣ የሚለካው በራድ ወይ በግሬይ ነው፣ 1 ግሬይ 100 ራድ ነው። ጨረሩ በትራንዚስተሩ ውስጥ ያለው ኢንሱሌተር ኦክሳይድ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ ጥሎ ይሄዳል፣ ቻርጁ ወጥቶ ስለማያልቅ ትራንዚስተሩ የሚበራበት ቮልቴጅ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ጠፍቶም ከረንት ማፍሰስ ይጀምራል። የሚታየው ምልክት መጀመሪያ ላይ ድንገተኛ ሞት አይደለም፣ መሳሪያው የሚበላው ከረንት ከወር ወር ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከዛ የሆነ ቀን ፍላሽ ሜሞሪው አልፃፍም ይላል። ብዙ ተራ ቺፖች ከ5 እስከ 30 ኪሎራድ ባለው መሀል ነው መታመም የሚጀምሩት፣ ከዛ በታች የሚወድቅም ከዛ በላይ የሚቆይም አለ። (ሰውን ግማሽ በግማሽ የሚገድለው 400 ወይ 500 ራድ ገደማ መሆኑን ስታስቡ ሲሊከን ከኛ በጣም ጠንካራ ነው።)

ሁለተኛው የአንድ ቅንጣት ምት ነው። አንድ ፕሮቶን፣ አንድ ከባድ አዮን ወይ አንድ ኒውትሮን መጥቶ የሆነ ቦታ ላይ ቻርጅ ሲረጭ ሜሞሪ ውስጥ 0 የነበረው 1 ይሆናል። ቺፑ አልተጎዳም፣ እንደገና ስትፅፉበት ይሰራል፣ የተበላሸው ዳታው ብቻ ነው። ይሄ የህዋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ በ1978 የኢንቴል ሰዎች ሜሞሪያቸው ለምን እንደሚሳሳት ሲያጣሩ ጥፋተኛው ቺፑ የታሸገበት ማሸጊያ ውስጥ ከነበረ ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም የሚወጣ አልፋ ቅንጣት ሆኖ ነው የተገኘው።

ሶስተኛውና እኔን የሚያስፈራኝ ገዳዩ ነው። ዋነኛው ላች-አፕ ይባላል፦ በሲሞስ ቺፕ ውስጥ ማንም ሳይፈልገው አብሮ የተወለደ ታይሪስተር፣ ማለትም አንዴ ከበራ በራሱ የማይጠፋ ስዊች፣ አለ፣ አንድ ቅንጣት ሲመታው ይበራና ከፓወሩ ወደ ግራውንድ ሾርት ያደርጋል፣ ፓወር እስካልተቆረጠ ድረስም አይጠፋም፣ ቺፑ እስኪቃጠል ይጎትታል። ፓወር ሞስፌቶች፣ ማለትም ትልቅ ከረንት የሚያበሩና የሚያጠፉ ትራንዚስተሮች፣ ላይ ደሞ የሚመጣው ዘመድ አለው፣ ቅንጣቷ ስትመታ ትራንዚስተሩ በራሱ ቮልቴጅ ይቃጠላል ወይ ጌቱ ይበሳል። እዚህ ላይ ሪሴት የሚባል ነገር አይሰራም።

አራተኛም አለ፣ የክሪስታሉን አተሞች ከቦታቸው የሚያፈናቅል። እሱ የሚመለከተው በዋናነት የካሜራ ሴንሰር፣ ሶላር ሴልና ኦፕቶካፕለር (ሲግናልን በብርሃን የሚያሻግር ክፍል) ነው። በ1992 በወጣችው ቶፔክስ/ፖሴይዶን ሳተላይት ላይ ኦፕቶካፕለሮች በዚህ ምክንያት መስራት አቁመዋል። ኦፕቶካፕለር ትንሽና ርካሽ ስለሆነ ሰው ይረሳዋል፣ እናንተ ግን አትርሱት።

ቦታው የት ነው?

መሬት ላይ ዶዝ የሚባለውን እርሱት፣ ያለው የኒውትሮን ጉዳይ ነው። የባህር ጠለል ላይ መለኪያ ተደርጋ የምትወሰደው ኒው ዮርክ ስትሆን ከ10 ሜጋኤሌክትሮንቮልት በላይ ያላቸው ኒውትሮኖች በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር በሰዓት 13 ገደማ ይወርዳሉ። ትንሽ ይመስላል። ግን ለምሳሌ ሜሞሪያችሁ በሜጋቢት 500 ፊት ነው እንበል፣ ፊት ማለት በቢሊዮን የስራ ሰዓት ስንት ጊዜ ይሳሳታል ማለት ነው፣ እና 32 ሜጋቢት ኤስራም (ፈጣን የሜሞሪ አይነት) ካላችሁ 16,000 ፊት ይሆናል፣ ለአንድ መሳሪያ በ7 አመት አንዴ ማለት ነው፣ ማንም ግድ አይሰጠውም። ያንኑ መሳሪያ 10,000 ቦታ ተክላችሁት ከሆነ ግን በቀን 4 ጊዜ ገደማ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ይሳሳታል። አውሮፕላን ከፍታ ላይ ደሞ ኒውትሮኑ በመቶዎች እጥፍ ስለሚጨምር በ300 ብታባዙት ያው አንድ መሳሪያ በ200 ሰዓት አንዴ ይሳሳታል። በ2025 መጨረሻ ኤርባስ 6000 ገደማ የኤ320 ቤተሰብ አውሮፕላኖች ሶፍትዌራቸው እንዲስተካከል ያዘዘው ሀይለኛ የፀሀይ ጨረር የበረራ መቆጣጠሪያውን ዳታ ሊያበላሽ ይችላል ብሎ ነው፣ አብዛኞቹ ወደ ቀድሞው የሶፍትዌር ቨርዥን በመመለስ ነው የተፈቱት። ሃርድዌሩ ባይቀየርም ሶፍትዌሩ ስህተትን የሚይዝበት መንገድ ብቻውን ውጤቱን እንደሚቀይር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ዝቅተኛ ምህዋር፣ ማለትም አብዛኛው ትንንሽ ሳተላይት ያለበት፣ ከጥቂት ሚሊሜትር አልሙኒየም ጀርባ በአመት ከ1 እስከ 10 ኪሎራድ ብላችሁ ጀምሩ፣ ከፍታውና ዘንበሉ ይወስነዋል። እዛ ላይ የደቡብ አትላንቲክ አኖማሊ የሚባለው አካባቢ ሲታለፍ ፕሮቶኑ ይበዛል፣ ሀብል ቴሌስኮፕም እዛ ሲደርስ የመሳሪያዎቹን ስራ ያቆማል። ጂኦስቴሽነሪ ላይ፣ ማለትም ሳተላይቷ ከመሬት ጋር እኩል ስለምትዞር አንድ ቦታ የቆመች በምትመስልበት ምህዋር፣ ለ15 አመት የምትቀመጥ ሳተላይት በተለምዶ እስከ 100 ኪሎራድ ታስቦ ነው የምትሰራው። ጁፒተር ሌላ አለም ነው፣ ጁኖ የምትባለው መንኮራኩር ኤሌክትሮኒክሷን 1 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ግድግዳ ባለው የታይታኒየም ሳጥን ውስጥ ነው ያስገባችው፣ ሳጥኑ ብቻ 200 ኪሎ ገደማ።

ሪአክተር አጠገብ ደሞ ዋናው ጠላት ዶዙ ነው፣ የሚሄደውም በሰዓታት ነው እንጂ በአመታት አይደለም። በ2017 ፉኩሺማ ሁለተኛው ሪአክተር ውስጥ የገባው ሮቦት ካሜራው እየጨለመ ስለመጣ በ2 ሰዓት ገደማ ነው የወጣው።

ምርጫዎቹ ጎን ለጎን

ራድ-ሃርድ ስትገዙ የምትገዙት ሲሊከኑን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ማለትም ይሄ ሎት (አብሮ የተመረተ ክምር) በ100 ወይ በ300 ኪሎራድ ተፈትኗል፣ ላች-አፕ እስከዚህ ኢነርጂ አያደርግም፣ ቢት የመገልበጥ ፍጥነቱ ይሄ ነው የሚል፣ ፊርማ ያለበት። ጉዳቱ የታወቀ ነው፦ ውድ፣ ከታዘዘ በኋላ ወራት አንዳንዴም ከአመት በላይ የሚያስጠብቅ፣ ከዘመኑ ቢያንስ አንድ ትውልድ የዘገየ፣ ብዙ ጊዜም የኤክስፖርት ፈቃድ የሚፈልግ። ሚስት የሌለው ሙሽራ እንዳይሆንባችሁ ቺፑ ተገኝቶ ፈቃዱ ሲቀር ፕሮጀክት የቆመባቸው ስላሉ ፈቃዱን ከዋጋው በፊት ጠይቁ። የሚገባው የት ነው? ጥገና በማይደረስበት፣ ምትክ በሌለበት፣ ጊዜው ረጅም በሆነበት፣ እና በተለይ አንድ ቦታ ሲሞት ሁሉም በሚሞትበት ክፍል ላይ።

መሀል ላይ ራድ-ቶለራንት የሚባለው አለ። አምራቹ ያውን ተራ ሲሊከን ወስዶ ላች-አፕ እንደማያደርግ አረጋግጦ፣ 20 ወይ 30 ወይ 50 ኪሎራድ ድረስ ፈትኖ፣ ብዙ ጊዜም በፕላስቲክ ማሸጊያ የሚሸጠው። ቢት ይገለበጣል፣ እሱን አልደበቁም፣ ግን አይሞትም። ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ለ3 ወይ 5 አመት ለሚቆይ ነገር እኔ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም በጣም አስቸጋሪውን ጥያቄ ሌላ ሰው መልሶላችኋል፣ የቀረው በሶፍትዌርና በሎጂክ የሚፈታ ነው።

የመኪና ቺፕ ላይ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ነው። ኤኢሲ-ኪው100 የሚባለው የመኪና ደረጃ ስለሙቀት፣ ስለእርጥበት፣ ስለንዝረትና ስለእድሜ ነው፣ የህዋ ጨረር ፈተና ውስጡ የለም። ስለዚህ "አውቶሞቲቭ ግሬድ ነው" ማለት "ላች-አፕ አያደርግም" ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ዝም ብሎ ከተራው ይሻላል የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ አምራቹ ፕሮሰሱን በቀላሉ አይቀያይርም፣ ሲቀይርም ያሳውቃል፣ ይሄ ማለት ዛሬ የፈተናችሁት ቺፕና ከአመት በኋላ የምትገዙት ቺፕ አንድ የመሆን እድሉ ትልቅ ነው። ሁለተኛ ለሴፍቲ የተሰሩት ማይክሮኮንትሮለሮች ሁለት ኮር አንድ አይነት ስራ እየሰሩ ውጤታቸው በየክሎኩ የሚነፃፀርበት፣ ሜሞሪውም በኢሲሲ፣ ማለትም ስህተትን በሚያርሙ ትርፍ ቢቶች፣ የተጠበቀ ነው፣ ምክንያቱም ከፍተኛው የመኪና ሴፍቲ ደረጃ ጠቅላላ አደገኛ ስህተት ከ10 ፊት በታች እንዲሆን ያልማል፣ ያን ደሞ ያለነዚህ ማሳካት በጣም ከባድ ነው። ኢንጂኒዩቲ ላይ የተመረጡትም በዚህ ነው።

ተራ ቺፕ ሳይፈተን መጠቀም ቁማር ነው፣ ግን አንዳንዴ ትክክለኛ ቁማር ነው። ለ6 ወር የሚቆይ የተማሪዎች ኪዩብሳት (በጣም ትንሽ ሳተላይት) ላይ ሬዲዮውን በሙሉ ራድ-ሃርድ ማድረግ ገንዘቡን ወደ ባህር መጣል ነው። በ2017 አለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ላይ የተጫነው ከሱቅ የሚገዛ ሰርቨር ከአመት በላይ ሰርቷል፣ ሶፍትዌሩ ችግር ሲያይ ራሱን ቀዝቀዝ እያደረገ፣ ግን ከ20 ኤስኤስዲዎቹ 9ኙ ሞተዋል። ያንን ቁጥር ወደ እናንተ ዲዛይን አምጡትና ስንት ዲስክ አላችሁ ብላችሁ አስቡ። ሌላው ጫፍ ደሞ ፎቦስ-ግሩንት ነው፣ በ2011 የተላከው የሩሲያ መንኮራኩር ገና ከመሬት ምህዋር ሳይወጣ ነው የቀረው፣ የሩሲያ መርማሪ ኮሚሽን ጣቱን የቀሰረው ለህዋ ባልተፈተኑ የሜሞሪ ቺፖች ላይ ነው። አመት መጠበቅ አላስፈለገም።

ከተራ ቺፕ ጋር የምትሄዱ ከሆነ

ላች-አፕ መከላከያ ብላችሁ ከረንት ሊሚተር ታስገባላችሁ፣ ከረንቱ ከተባለው ሲያልፍ ፓወሩን ይቆርጣል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልሶ ያበራል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ግን ፓወሩን ብትቆርጡም ቺፑ ላይጠፋ ይችላል፣ ምክንያቱም ጎረቤቱ ያለው ቺፕ አሁንም 3.3 ቮልት ሲግናል በዳታ ፒኑ በኩል እየላከለት ነው፣ ያ ከረንት በፒኑ መከላከያ ዳዮድ በኩል ገብቶ ላች-አፑን በህይወት ያቆየዋል። ስለዚህ ስትቆርጡ መስመሮቹንም ዝቅ ማድረግ ወይ የሚለያይ ባፈር ማስገባት አለባችሁ፣ እና የፓወር መስመሩ በእውነት ወደ ዜሮ መውረዱን በኦሲሎስኮፕ እዩት እንጂ አትገምቱ። ሌላው፣ ትልልቅ ፕሮሰሰሮች ላይ ላች-አፑ ትንሽ አካባቢ ላይ ብቻ ይሆንና ጭማሪው 30 ወይ 40 ሚሊአምፕ ይሆናል፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ስራ ሲበዛበት ከዛ በላይ ስለሚወዛወዝ ሊሚተሩ አያየውም፣ እዛው ቁጭ ብሎ ያቃጥለዋል። እና ላች-አፕ ተርፎ የተነሳ ቺፕ ጤነኛ ነው ማለትም አይደለም፣ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የብረት መስመሮች ግማሽ ቀልጠው ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው ላች-አፕ የሚያደርገውን ቺፕ ከመንከባከብ የማያደርገውን መፈለግ ይሻላል የምለው። ትራንዚስተሮቹ በኢንሱሌተር ሙሉ በሙሉ የተለያዩበት ኤስኦአይ ፕሮሰስ ላይ የተሰራ ከሆነ ያ ታይሪስተር ከነጭራሹ የለም።

ቢት መገልበጥ ላይ ደሞ ሰው ወዲያው "ሶስት አድርጌ ድምፅ አሰጣቸዋለሁ" ይላል። ጥሩ ነው፣ ድራጎን የምትባለው የስፔስኤክስ መንኮራኩርም ራድ-ሃርድ ያልሆኑ ኮምፒውተሮችን እየደጋገመች ነው የምትጠቀመው፣ በ2012ቱ በረራ አንደኛው ከሌሎቹ ጋር መግባባት ሲያቆም ሁለቱ ቀጥለዋል። ግን ሶስት መሆን ለዶዝ ምንም አይጠቅምም፣ ሶስት አንድ አይነት ቺፖች አንድ አይነት ዶዝ ላይ በተቀራራቢ ሰዓት ነው የሚሞቱት። ሶስቱ አንድ ሲሊከን ላይ ከሆኑ ለላች-አፕም አይጠቅምም። ሜሞሪ ብቻ ከሆነ የምትጠብቁት ሶስት እጥፍ ከመክፈል ኢሲሲ በጣም ይረክሳል፣ ለ64 ቢት 8 ተጨማሪ ቢት ይዞ አንድ ስህተት ያርማል፣ ሁለት ስህተት ያውቃል። ቅድመ ሁኔታው ግን ሜሞሪውን በየጊዜው እያነበቡ መልሶ መፃፍ ነው፣ ማንም የማያነበው ቦታ ላይ አንድ ስህተት ተቀምጦ ሁለተኛው ሲጨመርበት ኢሲሲው እጁን ይሰጣል።

መሬት ላይ ሰርቨር ለምትገዙ ደሞ፣ ዲዲአር5 ሜሞሪ ሁሉ "ኢሲሲ አለው" ሲባል እንዳትሸወዱ። ቺፑ ውስጥ ያለው ኢሲሲ የቺፑን የራሱን ስህተት ለመሸፈን ነው፣ ከሜሞሪ እስከ ፕሮሰሰር ባለው መንገድ ላይ ያለውን አይጠብቅም፣ ስህተት ሲያርምም ለሲስተሙ አይናገርም። የምትፈልጉት ተጨማሪ ቺፕ ያለበትን እውነተኛውን ነው። ጉግል ሰርቨሮቹን አጥንቶ በ2009 ባወጣው ጥናት በአመት ከ8 በመቶ በላይ የሜሞሪ ካርዶች ስህተት አሳይተዋል፣ አብዛኛው ግን የኮስሚክ ጨረር ሳይሆን የሃርድዌር ብልሽት ነበር፣ ኢሲሲውን ከገዛችሁት ለሁለቱም ይሰራል። በነገራችን ላይ ኮምፒውተር በተሳሳተ ቁጥር "ኮስሚክ ሬይ ነው" ማለት ፋሽን ሆኗል። በ2003 ቤልጂየም ስካርቤክ ላይ አንዲት እጩ 4096 ትርፍ ድምፅ ያገኘችው፣ ቁጥሩ ልክ 12 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ የሚመጣው መሆኑ ቢት መገልበጡን ይጠቁማል፣ ጨረር መሆኑ ግን ግምት ነው እንጂ አልተረጋገጠም። የናንተ ቦርድ በሳምንት ሶስቴ ሪሴት የሚያደርግ ከሆነ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን እዩ።

ኤፍፒጂኤ፣ ፍላሽ፣ ፓወር

ኤፍፒጂኤ ላይ ልዩነቱ ዲዛይናችሁ የት ነው የተቀመጠው የሚለው ነው። ኤስራም ላይ የተመሰረተው ውስጥ ቢት ሲገለበጥ የሚበላሸው ዳታ ብቻ ሳይሆን ሰርኪዩቱ ራሱ ነው፣ የነበረ ሽቦ ይቆረጣል፣ ያልነበረ ይቀጠላል፣ ስለዚህ ኮንፊገሬሽኑን እያነበበ የሚያስተካክል ነገር የግድ ነው። ፍላሽ ላይ የተመሰረተው ሰርኪዩቱ ለዚህ አይነቱ ምት ግድ አይሰጠውም፣ ድሮዎቹ ግን ለዶዝ ደካማ ነበሩ። አንቲፊውዝ የሚባለው አይነት ዲዛይኑ አንዴ ከተቃጠለበት በቃ የማይቀየር ስለሆነ ከሁሉም ጠንካራው ነው፣ ዲዛይኑ ውስጥ ስህተት ብታገኙም ያው የማይቀየር ነው። ፍጥነትና ትልቅ ሎጂክ ካልፈለጋችሁ ፍላሹን ምረጡ፣ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ሜሞሪ ላይ ኤፍራምና ኤምራም የሚባሉትን የሜሞሪ አይነቶች ጨረር አይነካቸውም ይባላል። ሴሉን አይነካውም፣ እውነት ነው። ዙሪያው ያለው ማንበቢያና መቆጣጠሪያ ግን ያው ተራ ሲሞስ ነው፣ ላች-አፕ ሊያደርግ ይችላል። ናንድ ፍላሽ ላይ መጀመሪያ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ለመፃፍና ለማጥፋት ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ክፍል ነው፣ ስለዚህ ማንበብ እየቻለ መፃፍ ያቆማል። ቡት የሚያደርገውን ሶፍትዌር የማይፃፍበት ቦታ ላይ በሁለት ወይ በሶስት ቅጂ አስቀምጡ።

ፓወር ላይ ርካሹ መፍትሄ ቮልቴጁን መቀነስ ነው፣ ይሄ መሬት ላይም ይሰራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችሉ ፓወር ዳዮዶችና ታይሪስተሮች ያለምክንያት ሲቃጠሉ መሀንዲሶች ያንኑ ፈተና ጨው ማዕድን ውስጥ ወርደው ደገሙት፣ ከመሬት በታች ቃጠሎው ጠፋ። ምክንያቱ ከላይ የሚወርደው ኒውትሮን ነበር። የቃጠሎው ፍጥነት በቮልቴጁ ላይ በሀይል ስለሚመሰረት ትንሽ ስትቀንሱ አስር ወይ መቶ እጥፍ ይወርዳል፣ ለ1200 ቮልት የተሰራውን 1100 ላይ የምታሰሩ ከሆነ እዛ ላይ እየተጫወታችሁ ነው። ለህዋ ደሞ ተራ ኤን-ቻናል ሞስፌትን ከግማሽ ቮልቴጁ በታች ማሰራት የተለመደ ነው፣ ከተፈተነ ማለት ነው፣ ሳይፈተን ግማሹም ዋስትና አይሆንም። ሲሊከን ካርባይድ ለዶዝ ጥሩ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ከባድ አዮን ሲመታው ከግማሽ ቮልቴጁ በታችም በቋሚነት ይጎዳል።

በ2024 ዩሮፓ ክሊፐር ልትላክ ወራት ሲቀሯት ሞስፌቶቿ ከተጠበቀው ባነሰ ዶዝ ይበላሻሉ የሚል ስጋት መጥቶ ነበር። የተፈታው ቺፕ በመቀየር ሳይሆን በመለካት ነው፣ መንኮራኩሯ ጨረሩ የበዛበት ቦታ ገብታ ስትወጣ ትራንዚስተሮቹ በከፊል እንደሚያገግሙ ተረጋገጠና በኦክቶበር 14 ተላከች።

መከለያ እስከየት ያዋጣል

አልሙኒየም መጨመር ለኤሌክትሮን በጣም ይሰራል፣ የመጀመሪያዎቹ 2 ወይ 3 ሚሊሜትሮች ዶዙን በደንብ ይቆርጡታል። ከዛ በኋላ ግን እየወፈረ ሲሄድ ትርፉ እየቀነሰ ይመጣል፣ ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣውን ከባድ አዮን ደሞ በተግባር የሚያቆመው የለም፣ እንዲያውም ወፍራም ብረት ሲመታ ሌሎች ቅንጣቶችን ይወልዳል። ስለዚህ ችግራችሁ ዶዝ ከሆነ መከለያ ይረዳል፣ ችግራችሁ ላች-አፕ ከሆነ መከለያ ክብደት መጨመር ብቻ ነው። ሳጥኑን በሙሉ ከማወፈር ደካማው ቺፕ ላይ ብቻ ቁራጭ ታንታለም መለጠፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሻጩ ወረቀት ሲያሳያችሁ

"በፕሮቶን ተፈትኖ ላች-አፕ አላሳየም" ሲባል የሚያስደስት ነገር ነው ግን ሙሉ አይደለም። ፕሮቶን ሲሊከን ውስጥ ገብቶ የሚያስፈነጥራቸው ቁርጥራጮች የሚተፉት ኢነርጂ በኤልኢቲ፣ ማለትም ቅንጣት በሚሄድበት ርዝመት ልክ በሚጥለው ኢነርጂ፣ ሲለካ እስከ 15 ገደማ ብቻ ነው፣ ከባድ አዮኖች ግን ከዛ በጣም ያልፋሉ፣ ለዛ ነው ከላች-አፕ ነፃ የሚባለው ቺፕ 60 እና ከዛ በላይ እንዲቆም የሚጠየቀው። ለአጭር ዝቅተኛ ምህዋር ሚሽን የፕሮቶን ፈተና ሊበቃችሁ ይችላል፣ ለጂኦስቴሽነሪ ግን የሄቪ አዮን ወረቀት ጠይቁ።

የዶዝ ወረቀት ላይ ደሞ ዶዙን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱን እዩ። ኮባልት-60 የሚባለው የጋማ ጨረር ምንጭ አጠገብ አስቀምጦ 50 ኪሎራድ በጥቂት ሰዓት መስጠት ይቻላል፣ ባይፖላር የሆኑ ክፍሎች፣ ማለትም ኦፕአምፕ፣ ኮምፓሬተር፣ ቮልቴጅ ሬጉሌተርና ሪፈረንስ፣ ብዙዎቹ ግን ያው ዶዝ ቀስ ብሎ ሲሰጣቸው ነው የበለጠ የሚጎዱት። ፈጣኑን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፎ ምህዋር ላይ የሚወድቀው በዚህ ነው። ለነዚህ በሰከንድ 10 ሚሊራድ ወይ ከዛ በታች የተደረገ ፈተና ካልሆነ አትቀበሉ፣ አዎ ወራት ይፈጃል፣ ለዛ ነው ሻጩ የሚዘለው።

በመጨረሻ የተፈተነው ሎት ቁጥርና የምትገዙት ሎት ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ተራ ቺፕ ላይ አንድ አይነት ፓርት ቁጥር ተፅፎበት ከሁለት ፋብሪካ ሊመጣ ይችላል፣ የውስጡ ሲሊከን ሪቪዥንም ሳይነገራችሁ ሊቀየር ይችላል፣ የአምናው ፈተና ለዘንድሮው ቺፕ ምንም አይልም። የሚቻል ከሆነ ለፈተናውም ለመሳሪያውም ለመለዋወጫውም የሚሆነውን ከአንድ ሪል (ቺፖቹ ከሚመጡበት ጥቅል) በአንዴ ግዙና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።